ሁለት ካሜራና አንዲት ሽመላ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሁለት ካሜራ ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ዐቢይ ጾምን ያጋመሰ።

አትሳቅ፣ ይልቃል። ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «ወንድሜ ታሟል፤ ከተኳረፍን ቆይተናል፤ መታረቅ እፈልጋለሁ፤ ግን ሽማግሌ ልላክ ወይስ ራሴ ልሂድ?» ነው ያልከኝ። ይህን ስትጠይቀኝ ደግሞ የዛሬው የመጀመሪያህ አይደለም። ሽማግሌ ብትልክ «መምጣት ከበደው ወይ?» ይለኛል ብለህ ትፈራለህ። ራስህ ብትሄድ በሩን ይዘጋብኛል ብለህ ትፈራለህ። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል እኔም አላውቅም። የማውቀው የዚያን ሰው ነገር ነውና ተቀመጥና ስማ።

የሰውየው አባት ወጌሻ ነበሩ። በዚያ አገር የተሰበረ እጅ፣ የወለቀ ትከሻ፣ የዞረ ቁርጭምጭሚት ሁሉ ወደ እርሳቸው ይመጣ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ውኃ የሚተኛበት ጨፌ አለ። አንድ ዓመት ከጨፌው ዳር እግሯ የተሰበረ ሽመላ አገኙ። ሰው ሁሉ እየሳቀባቸው ተሸክመው ቤት አመጧት፤ እግሯን በሸምበቆ ስንጥር አሰሩላት፤ ፌንጣ እየለቀሙ አበሏት። አጥንቱ ገጠመ። የገጠመበት ቦታ ላይ ግን እንደ እንጨት ጉጥ ያለ እብጠት ቀረ። ሽመላዋም አንድ ቀን ተነሥታ በረረች። በዓመቱ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ሽመላዎች ወደ ጨፌው ሲመለሱ ባለ ጉጧም በመካከላቸው ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው በየዓመቱ ወደ ጨፌው እየወረዱ «ደህና ገባሽ?» ይሏት ነበር።

በኋላ ሰዉ ሆስፒታል ሄዶ ራጅ መነሣት ለመደ፤ ወደ ወጌሻው ቤት የሚመጣው ቀነሰ። ይባስ ብሎ ሽማግሌው ራሳቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐኪሙ የሞከረውም፣ እርሳቸው የሞከሩትም አልይዝ አለ፤ አልጋ ላይ ቀሩ። አልጋ ላይ የሚውል ሰው የማያስበው የለም። እርሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን ያሰሩትን አጥንት ሁሉ መጠራጠር ጀመሩ። «እጄ እውነት ያቃና ነበር? ወይስ በራሱ የዳነውን ነው አዳንኩት ስል የኖርኩት?» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ልጃቸውን ጠሩና እንዲህ አሉት፦ «ያቺ ሽመላ ዘንድሮም መጥታ እንደሆነ እይልኝ። እግሯ ይዞላት እንደሆነ አሳየኝ። ሌላ አልለምንህም።»

ልጁ አባቱን ይወዳል። ይህን አጥብቀህ ያዝልኝ፤ ስንፍና አልነበረበትም፣ ክፋትም አልነበረበትም። በስልኩ ያነሣት ሽመላ ግን ከሩቅ የተሰጣ ሸሚዝ ትመስላለች። ስለዚህ ሠርግ እያነሣ የሚተዳደር ጓደኛውን አማከረ። በጾም ሠርግ የለምና ጓደኛው ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ሁለት ካሜራ ነበረው፤ ሁለቱም በሆዳቸው ውስጥ መስታወት የሌለባቸው፣ አዲስ የወጡት ዓይነት ናቸው። «አንዱን ልሸጠው ነው። ሁለቱንም ውሰድና ሞክራቸው፤ የመረጥከውን ታስቀራለህ። እስከ ትንሣኤ ድረስ አልፈልጋቸውም» አለው። ሩቁን የሚያቀርበው ረጅም ሌንስ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እየነቀሉ ለሁለቱም ይገጥሙታል። ጓደኛው ስለዚህ ነገር አስጠነቀቀው፦ «መስታወት ስለሌላቸው፣ ሌንሱ ሲወልቅ ውስጣቸው ገላጣ ነው። ንፋስ ባለበት ስትቀይር ጀርባህን ለንፋሱ ስጥ። አቧራ ከገባባቸው ፎቶው ሁሉ ነጠብጣብ ይሆንብሃል።»

እንግዲህ መላ ቅጡ የጠፋው ከዚህ በኋላ ነው።

አንደኛው ካሜራ ፈጣን ነው። የወፍን ዓይን ከቅጠል መካከል ፈልጎ ይይዛል፤ አንድ ጊዜ እስክትተነፍስ ስንት ፎቶ ያነሣልሃል። ፎቶውን አስፍቼ ልይ ስትል ግን ይደበዝዛል። ሌላው ረጋ ያለ ነው። ላባውን አንድ በአንድ፣ የእግሩን ቆዳ እስከ ሽብሽቡ ያሳይሃል። ነገር ግን ወፏ ከተነሣች ይደናገርና ከኋላዋ ያለውን ዛፍ ጥርት አድርጎ ያነሣልሃል። ሰውየው አሰበ። ሽመላዋ ቆማ ከተገኘች ሁለተኛው ነው የሚሻለው፤ ጉጧ ቁልጭ ብላ ትታያለች። በርራ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው ምን ያደርግለታል? እርሷን ትቶ ሰማዩን ነው የሚያነሣው። ፈጣኑን ቢይዝስ? ይይዛታል፤ ጉጧ ግን ጉጥ ትሁን ጭቃ ትሁን ማን ይለየዋል?

ጠዋት ፈጣኑን መርጦ ይነሣል፤ ከምሳ በኋላ ልቡ ወደ ሌላው ይሄዳል። ከቤቱ ፊት ለፊት የመብራት ምሰሶ ላይ የሚቀመጥ አንድ ቁራ ነበር፤ ያንን ቁራ በአንደኛው ያነሣዋል፣ ደግሞ በሌላው ያነሣዋል፣ ከዚያ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ ምንቃር ከምንቃር ሲያስተያይ ይውላል። ሰው ጠየቀ። አንዱ «ለወፍ ፍጥነት ነው» አለው። ሌላው «ለወፍ ጥራት ነው» አለው። ሦስተኛው «ሁለቱንም ተዋቸው፤ አሁን ሌላ ወጥቷል» አለው። የባሰ ግራ ገባው።

ሚስቱ ታዝባው ኖሮ «ኧረ ቁራው ራሱ ተሰላቸብህ! አባባ እኮ በየቀኑ ይጠይቁኛል። አንዱን አንሣና ሂድ» አለችው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አላት።

«ያልቸኮለችውስ? መቼ ልታፈስ ነው?»

ተነሥቶ ወደ አባቱ ክፍል ገባና «አባባ፣ ድሮ ሲያዩዋት ቆማ ነበር ወይስ በርራ?» ብሎ ጠየቃቸው።

ሽማግሌው ግራ ተጋቡ። «ወፍ ናት እኮ፣ ልጄ። ትቆማለችም፣ ትበራለችም» አሉት። ቀጥለውም «ገና አልሄድክም እንዴ?» አሉ።

«ልሄድ ነው» አለ። እውነቱን ነበር፤ ሁልጊዜ ሊሄድ ነበር።

እንዲህ እያለ ጾሙ ተጋመሰ፤ ፀሐዩም ጠነከረ። ሽመላዎች ደግሞ ክረምታችንን አይጠብቁም፤ በዚያ ሰሞን ተሰብስበው ወደ መጡበት ይመለሳሉ። አንድ ማለዳ ከጨፌው በኩል የመጣ ሰው «ሽመላዎቹ ተከማችተዋል፤ ሊሄዱ ነው መሰል» ብሎ ነገረው። ሰውየው ደነገጠ። የትኛውን ይዞ ይሂድ? መቼም «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል፤ ሁለቱንም አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጋቢውን እንደ ደረበ ወጣ።

ሲደርስ ሽመላዎቹ ጨፌውን ሞልተውታል። ቆመው ስላገኛቸው ጥርት አድርጎ በሚያሳየው ካሜራ ላይ ሌንሱን ገጠመና እግር መፈለግ ጀመረ። ሁሉም ቀይ እግር ነው፤ ሣሩም ይከልላቸዋል። ጥቂቶቹ ክንፋቸውን ሲያራግቡ ጊዜ «ሊነሡ ነው!» ብሎ ሌንሱን ነቀለና ለፈጣኑ ገጠመው። አልተነሡም። ተመልሰው ፌንጣቸውን መልቀም ያዙ። «በዚህማ ጉጧ አትለይልኝም» አለና እንደገና ነቀለው። ይሄኔ ንፋስ ተነሣ። የጓደኛው ቃል ትዝ አለው። ተንበረከከ፤ ጋቢውን መሬት ላይ ዘረጋ፤ ሁለቱን ካሜራዎች አስቀመጠና ጀርባውን ለንፋሱ ሰጠ።

ንፋሱ የሚመጣው ከጨፌው በኩል ነበር። ጀርባውን የሰጠው ለሽመላዎቹም ነው።

ሽመላ አትጮህም። ከኋላው የሰማው የክንፍ ድምፅ ነው፤ የብዙ ክንፍ። ዞረ። ሌንሱ በእጁ ነው፤ ሁለቱም ካሜራዎች አፋቸውን ከፍተው ጋቢው ላይ ተቀምጠዋል። አንዲት አቧራ አልገባባቸውም። ጨፌው ግን ባዶ ሆኗል። እንደ ምንም ብሎ ሌንሱን ለአንዱ ገጥሞ ወደ ላይ ሲያነሣ፣ ሽመላዎቹ እየተሽከረከሩ ከፍ ከፍ ብለው ነበር። ያገኘውን አነሣ፤ ሰማይና ነጠብጣብ።

ቤት ሲመለስ ሽማግሌው ፊታቸውን ታጥበው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ትራስ ተደግፈው ጠበቁት። ሚስቱ ናት ያዘጋጀቻቸው፤ ዛሬ ያዩዋታል ብላቸው ነበር። ፎቶውን አሳያቸው። ካሜራውን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፣ መልሰው አራቁት።

«የቷ ናት?» አሉ።

ዝም አለ።

«ካሜራውስ ይቅር። አንተ በዓይንህ አየሃት? ስትነሣ አነከሰች ወይስ ደህና ነበረች?»

«አይቻታለሁ፣ ደህና ናት» የሚለው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሽማግሌው እጁን ይዘውታል፤ ዕድሜያቸውን ሰው እየዳሰሱ የኖሩ ሰው ናቸው። መዋሸት አቃተው። «አላየሁም፣ አባባ። ሲነሡ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር» አለ።

መጽናናት የሚገባቸው እርሳቸው ሆነው ሳለ እርሱን አጽናኑት። «አይዞህ፤ መስቀል ሲያልፍ ይመለሳሉ» አሉት። መነጽራቸውንም አወለቁ።

ሽመላዎቹ በእርግጥም ተመለሱ። ሽማግሌው ግን ክረምቱን አልተሻገሩም።

ሰውየው በጥቅምት ወደ ጨፌው ወርዶ አገኛት። አነሣትም። ፎቶዋን ቤቱ ሄጄ አይቻለሁ፤ ሽማግሌው ተኝተውበት በነበረው አልጋ ትይዩ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ጉጧም ቁልጭ ብላ ትታያለች። ያሰረው እጅ በደንብ አስሯት ነበር። ይህን የጠየቁት ሽማግሌ ግን ሳያውቁ ሄዱ፤ አልጋውም ተነጥፎ ባዶውን ነው። ሰውየውን በየትኛው ካሜራ እንዳነሣት ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። የቱን እንዳለኝ ረሳሁት።

አሁን ወዳንተ ልመለስ፣ ይልቃል። ሽማግሌ መላክ አንዱ ካሜራህ ነው፤ ራስህ መሄድ ሌላው ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ደግነት አላቸው፤ የየራሳቸው ጉድለትም አላቸው። ስታማርጥ የከረምከው ወንድምህን ስለማትወድ ነው አላልኩህም። ያም ሰው አባቱን ይወድ ነበር። ነገር ግን ካሜራው አቧራ እንዳይነካው ሲል ጀርባውን ለማን እንደሰጠ ሰምተሃል። አንተም ክብርህን አቧራ እንዳይነካው ብለህ ፊትህን ካዞርክ ስንት ጊዜህ ነው? ወንድምህ እኮ ያለው ከኋላህ ነው።

ምን አልከኝ? «ታዲያ ራስህ ሂድ ማለትዎ ነው?»

ይኸው! ይህን ሁሉ አውርቼ አሁንም የምትጠይቀኝ ስለ ካሜራው ነው። እስቲ እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ወንድምህ ዛሬ እንዴት አደረ?

ዝም አልክ። ያም ልጅ አባቱ ሲጠይቁት ዝም ነበር ያለው።

ተነሥ፤ ሽማግሌ ካስፈለገህ እኔ አለሁ፣ ጫማዬን እስካደርግ ደጅ ጠብቀኝ።