የተለቀቀ ጉድጓድ

በዚያ ዱር አንበሳ ይገዛል፣ ቀበሮ ያማክራል፣ ጅቦች ያስፈጽማሉ፤ የቀረው ፍጥረት ደግሞ ይሰበሰባል። በበጋ ውኃ ይጠፋ ይሆናል እንጂ ስብሰባስ ጠፍቶ አያውቅም።

ከወንዙ ወዲያ ባለው ጉብታ ፈንቅል የሚባል አዋልዲጌሳ ይኖር ነበር። አዋልዲጌሳ እንግዲህ ምስጥ በሊታ ነው፤ ዛሬ እዚህ ይቆፍራል፣ ሰንበት ብሎ ምስጡን ተከትሎ ሌላ ዘንድ ይቆፍራል። የተወው ጉድጓድ ለከርከሮው፣ ለጃርቱ፣ መቆፈሪያ ጥፍር ላልተሰጠው ድሀ ሁሉ ቤት ይሆናል። «የለቀቁት ጉድጓድ የገባበት ነው» ይባላል በጉብታው፤ በዚህ ሕግ ማንም ተጣልቶ አያውቅም። ባሏ የሞተባት ከርከሮ፣ እትዬ ጥርሲት፣ ሦስት ግልገሎቿን የምታሳድገው ፈንቅል በለቀቀው ጉድጓድ ነበር።

አንድ ቀን ቀበሮው ጉባኤ ጠራ።

«ወገኖቼ፣» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የማዶው ዱር ነብር ሊጎበኘን መጥቶ ‹ከተማችሁ የታለ?› ቢለን ምን እንላለን? ጉድጓዳችን እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ተበታትኗል! ዕድገት ማለት መሰብሰብ ነው። ወንዙ ዳር፣ በመስመር፣ መቶ ጉድጓድ! ውኃው ደጃችሁ፣ ሣሩ ደጃችሁ። ሕጋችሁንም አንነካባችሁም፤ እንዲያውም ጌታችን አንበሳ በአዋጅ ያጸናዋል። መሐንዲሳችንም ፈንቅል ነው!»

እልል ተባለ። እልልታው ሲበርድ እትዬ ጥርሲት ተነሳች።

«ጅብ በሚውልበት ዳርቻ ልጆቼን ይዤ ልሰፍር? ኧረ ተዉኝ! ባል እንኳ የለኝ፤ ቢኖርስ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።»

ቀበሮው አልተቆጣም፤ ዞር ብሎ ፈንቅልን አየው። ፈንቅል በዕድሜው ሙሉ በጉባኤ ስሙን የጠራለት አልነበረም። አሁን «መሐንዲስ» ተብሎ ልቡ ቦታዋን ለቃለች። ወይ የስም ጥማት!

«እትዬ፣» አላት፣ «የምቆፍረው እኔ አይደለሁም ወይ? የመጀመሪያው ጉድጓድ ያንቺ ነው። እንደ ልማድሽ የኋሊት ትገቢና ጥርስሽን ወደ በሩ ታዞሪያለሽ፤ የቱ ጅብ ይደፍርሻል? በእኔ ይሁንብሽ!»

«አንተ ካልክማ፣» አለች።

ሦስት ወር ቆፈረ። ምስጥ ፍለጋ መሄጃ ጊዜ አጥቶ ከስቶ አጥንቱ ቀረ፤ ጥፍሮቹም ተሰባበሩ። በዚያው ሰሞን ጅቦቹ የጉብታውን ጉድጓዶች በድንጋይ ደፈኑ፤ አሮጌ ነገር ለእንግዳ አይታይም ተብሎ። ፈንቅል አየና ዝም አለ። አዲስ ቤት ያለው ወደ አሮጌው ምን ሊያደርግ ይመለሳል ብሎ አሰበ።

ሁሉም ገባ። እትዬ ጥርሲትም የመጀመሪያውን ጉድጓድ አገኘች። ዘጠኝ ቀን ኖሩበት። በአሥረኛው ቀን ነዋሪው በሙሉ፣ እመጫት ሳትቀር፣ ከቤቱ ወጥቶ ሜዳው ላይ ጌታችን አንበሳን ይቀበል፣ ከተማው ይመረቃል ተባለ።

ወጡ፤ ዘፈኑ። ቀበሮው ስለ ዕድገት ሲናገር ዋለ፣ እንግዳ ሆኖ የመጣው የማዶው ነብርም አጨበጨበ። ሲመለሱ በየጉድጓዱ አፍ አንዳንድ ጅብ ተጋድሞበታል።

«ምነው እናንተ?» አለ ፈንቅል። «ባለቤቶቹ መጥተዋል እኮ!»

«ባዶውን ነው ያገኘነው፣» አለ አንዱ ጅብ እያዛጋ። «የለቀቁት ጉድጓድ የገባበት ነው። ሕጉ የናንተው አይደል እንዴ?»

ፈንቅል ወደ ቀበሮው ሮጠ። «አልለቀቁም! ውጡ ያላችኋቸው እናንተው ናችሁ!»

ቀበሮው ያዘነ መሰለ። «ፈንቅል ወንድሜ፣ በአዋጅ የጸና ሕግ እንዴት እንሻር? ይልቅ ደስ ይበልህ፤ ከዛሬ ጀምሮ በከተማችን አንድም ድሀ የለም። ሁለተኛውን ከተማ ሰኞ ትጀምራለህ።»

ፈንቅል የተባረሩትን ወደ ጉብታቸው ተመልሰው በተደፈነው ጉድጓድ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። እትዬ ጥርሲት ግልገሎቿን ሆዷ ሥር ሰብስባ ነበር።

«ከዱን፣ እትዬ!» አለ ፈንቅል። «አንበሳውም ቀበሮውም ከዱን!»

«አንበሳማ አንበሳ ነው፣» አለችው። «ጅቡም ጅብ ነው። ከነሱ ምን ጠብቄ አውቃለሁ? እኔ ከቤቴ የወጣሁት ባንተ ቃል ነው።»

ፈንቅል አፈረ። ከዚያ በተሰባበረ ጥፍሩ ድንጋዩን እያነሳ መቆፈር ጀመረ። ማንም አላገዘውም፣ ማንም ተው አላለውም። ጨርሶ ሲወጣ ጥፍሮቹ ይደሙ ነበር።

«ግቢ፣ እትዬ። ያንቺ ነው።»

ግልገሎቹ ሊገቡ ሲንደረደሩ በአፍንጫዋ መለሰቻቸው። አንገቷን አስግጋ ውስጡን አየች። መልካም ጉድጓድ ነበር፤ ጥልቅ፣ ደረቅ።

«ነገ ሣር ልንግጥ ስንወጣስ፣» አለች፣ «የማን ነው?»

ፈንቅል አፉን ከፈተ። በጉብታው ያሉት ሁሉ መልሱን ሊሰሙ ጆሯቸውን አቆሙ። እስከ ዛሬም እንዳቆሙ ነው።