ድምፃቸው የታፈነ አምስት ድስቶች

አንዲት ትርንጎ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ሃያ ዓመት ሙሉ ድስትና ማሰሮ እየሠራች ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ታወጣለች። በዚያ ገበያ ሸክላ በዓይኑ ብቻ አይቶ የሚገዛ የለም። ገዢው ድስቱን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ በሌላው ያንኳኳዋል። ደህና የተቃጠለ ድስት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያለበት ግን ድምፁ ይታፈናል፤ እሳት ላይ ወጥ እንደያዘ ለሁለት የሚከፈለውም እሱ ነው።

ገበያው ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ትርንጎ ሸክላውን በጀርባዋ አዝላ ነበር የምትመላለሰው፤ ጉልበቷ ግን ከዓምና ጀምሮ እምቢ ብሏታል። ይህን ያየችው የባሏ ታናሽ እህት ማንጠግቦሽ ድስቶቹን ደጅ ላይ ደርድራ ፎቶ አነሳችና ቴሌግራም ላይ ለቀቀቻቸው። ሦስት ሳምንት ያህል ሰው ዋጋ ከመጠየቅ አላለፈም። በአራተኛው ሳምንት ወይዘሮ አምሳለ የሚባሉ የከተማ ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነውና ለሠርጉ ወጥ አሥራ ሁለት ትልልቅ ድስቶች አዘዙ። ትርንጎ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሸጣ አታውቅም። ይህ ትእዛዝ ካማረ ሌላው ይከተላል፤ የቅዳሜው ሸክምም ይቀራል።

ድስቶቹን በምታቃጥልበት ቀን ያለወቅቱ ካፊያ ጣለ። በማግስቱ ከአመዱ አውጥታ አንድ በአንድ አንኳኳቻቸው። ሰባቱ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጡ። የአምስቱ ድምፅ ታፈነ። አዲስ ሠርቶ ለማድረቅ ብቻ ሁለት ሳምንት ያስፈልጋል፤ ሠርጉ ግን ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

ማንጠግቦሽ አምስቱን አገላብጣ አየቻቸው። ምንም አልታያትም።

«እነዚህ ምን ሆኑ? ከነዚያ እንዲያውም ያምራሉ።»

«አንኳኪያቸው።»

«እትዬ ትርንጎ፣ ፎቶ ይንኳኳል እንዴ? ሴትዮዋ ያዘዙት ያዩትን ነው፤ ያዩትን ላኪላቸው።»

«ሲደርሳቸው ያንኳኩታላ።»

«ሲደርሳቸው ሠርጉም ደርሷል። ቢሰነጠቅም መንገድ ላይ ተንገጫግጮ ነው እንላለን። ያንን ኮረኮንች የፒስታ መንገድ የማያውቅ አለ?»

ትርንጎ ዘጠኝ ቀን ቀርቷቸው ትእዛዙ ባይሞላ ሴትዮዋ ዳግም እንደማያዝዟት ታውቃለች። አሥራ ሁለቱንም በጭድ ጠቀለለቻቸውና በማዳበሪያ ከረጢት ከታ ግድግዳው ሥር ደረደረቻቸው። ከዚያ ቆማ አየቻቸው። የትኞቹ ሰባቱ፣ የትኞቹ አምስቱ እንደሆኑ እሷም መለየት አልቻለችም። ሁሉም አንድ ዓይነት ከረጢት ሆነዋል። አምስቱን ለመደበቅ ብላ ሰባቱንም የሚያጠራጥሩ አድርጋቸዋለች።

ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ፈታቻቸው።

«ስልኩን ያዢልኝ» አለች ማንጠግቦሽን። «ድምፁ እንዲገባ ጠጋ በይ።»

«አምስቱንም ላሳያቸው ልትይ ነው? አበድሽ!»

«ያዢ እንጂ!»

አሥራ ሁለቱንም በተራ እያንኳኳች ተቀረጸች። የታፈኑት ላይ ስትደርስ «ይህ እሳት አይችልም» እያለች አለፈች። ቪዲዮው ተላከ። የወይዘሮ አምሳለ መልስ በማግስቱ በድምፅ መጣ፦ «ሰባቱን ላኪልኝ። አምስቱን ከሌላ ሰው እፈልጋለሁ። ሠርጉ እዚህ ደርሶ እንዲህ መሆኑ ግን አናዶኛል።»

«ይኸው ምረቃሽ!» አለች ማንጠግቦሽ። «አሜን በይ!»

ሰባቱ ሄዱ። ወይዘሮ አምሳለ የጎደለውን ፍለጋ አያ ሞላልኝ ለሚባል ነጋዴ ደወሉለት። አያ ሞላልኝ ከየመንደሩ ሸክላ እየሰበሰበ በስልክ የሚሸጥ ሰው ነው። «አንኳኩተህ አሰማኝ» አሉት። እሱ ፎቶ ላከላቸው። ድጋሚ ጠየቁት፤ ሌላ ፎቶ ላከ። ተዉት። በጎደሉት አምስቱ ፈንታ ብረት ድስት ተከራዩ። ከሠርጉ በኋላ ቪዲዮውን ለእህቶቻቸውና ወጡን ለሠሩት ሴቶች አሳዩአቸው፤ እነሱም ለሌላ አሳዩ። ለትርንጎ ትእዛዝ መምጣት ጀመረ፤ ብዙ አልነበረም፣ አልተቋረጠም እንጂ። የሚያዝዘው ሁሉ ታዲያ ከዋጋው ቀድሞ «አንኳኪልኝ» ይላል። ለሌሎች ሻጮችም እንዲሁ ይሉ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ አያ ሞላልኝ ትርንጎን መንገድ ላይ አገኛት።

«አንቺ ሴት፣ ገዢ አበላሸሽብን!» አላት። «ፎቶውን አይቶ ዝም ብሎ ይገዛ የነበረው ሁሉ ዛሬ አንኳኳልኝ ባይ ሆኗል። ማን አስተማረው? አንቺ!»

«እኔ ምን አስተምረዋለሁ፣ አያ ሞላልኝ?» አለችው። «እኛ ገበያ ሳያንኳኳ የገዛ ሰው አይተሃል? በስልክ የሚገዛውም ያው ሰው ነው። እጁ አልደርስ ብሎት ነው ዝም ያለው።»

አያ ሞላልኝም በዚያው ሳምንት ድስት እያንኳኳ ሲቀረጽ ታየ።

ከሩቅ የሚገዛ ሰው ዝም ማለቱ ስላመነን ላይሆን ይችላል። መፈተሻ ስላጣ ሊሆን ይችላል። በእሱ ፈንታ መፈተሽና የተገኘውን ሳይቀንሱ መናገር የሻጩ ሥራ ነው። ሥራው በሸክላ ብቻ አይወሰንም፤ ለማያየን ሰው የምናደርሰው ነገር ሁሉ ይህንኑ ይጠይቃል።

እናንተስ ከምትሠሩት ነገር ውስጥ፣ የሰው እጅ ስለማይደርስበት ብቻ ጠቅልላችሁ ያስቀመጣችሁት የትኛው ነው?