የፀሐይ ድርሻ

ሙሉ ነገር የሚወድ አንድ ሰው ነበረ። ብርጭቆ ሲቀዳለት ከአፉ ትንሽ ከጎደለ ይከፋዋል፤ ለእንግዳ የሚቀርብ ሳህን ተቆልሎ ካላየ እንደ ተሰደበ ይቆጥረዋል። «ጎደሎ ነገር ለጠላቴ!» ይላል። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። እጁ የተፈታ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ባለጸጋ ነበር።

የዚህን ሰው ነገር ያነሣሁት ስለ ጠየቅሽኝ ነው። «የአባቴ የደም ግፊት ስላስፈራኝ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳያውቅ ከወጡ ጨው ስቀንስ ኖርኩ። አሁን ላገባና ከቤት ልወጣ ነው። ልንገረው ወይስ እንደ ተደበቀ ይቅር?» አልሽኝ። እንግዲያው ስሚኝ።

ባለጸጋው በአንድ የቆላ ከተማ፣ ሐይቅ ዳር፣ የበረዶ ፋብሪካ አቋቋመ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ዓሣቸው ሳይበላሽ ሩቅ ገበያ እንዲደርስላቸው በረዶ ይሻሉ፤ በረዶ የሚሠራው ማሽን ደግሞ አሞኒያ ይሻል። አሞኒያ ጋዝ ነው፤ በግፊት ሲታመቅ ፈሳሽ ይሆንና በወፍራም የብረት ታንክ ይቀመጣል። ካመለጠ ዓይን ያቃጥላል፣ ትንፋሽ ይቆርጣል፣ ይገድላልም። ስለዚህ ታንኩን የሚነድፍ ሰው ተፈለገና አንዲት የተማረች ሴት ተገኘች።

ይህች ሴት ዓይነ አፋር ነበረች። ወረቀት ላይ ማንንም አትፈራም፤ ሰው ፊት ስትቆም ግን ድምፅዋ ጉሮሮዋ ውስጥ ይቀራል። ታንኩን በጥንቃቄ ነደፈችው። የብረቱን ውፍረት አስልታ፣ ካሰላችው በላይ ጨመረችበት። ብየዳውን ሁሉ በራጅ አስመረመረች። የቆላው ፀሐይ እንዳያግለው ነጭ ቀለም አስቀባችው፤ ከላዩም ጥላ አሠራችለት። ግፊት ሲበዛ ራሱ የሚከፈት ማስተንፈሻ ቫልቭ ሁለት አደረገችለት፤ አንዱ ለጥገና ሲወርድ ሌላው እንዲጠብቅ ነው። በመጨረሻ ታንኩ በውሃ ተሞልቶ ተፈተነ። ውሃው እስከ አፉ ደርሶ ሲፈስ ባለጸጋው እንደ ልጅ አጨበጨበ።

«አሞኒያውንም እንዲህ አድርጋችሁ ሙሉልኝ!» አለ።

ሴትየዋ ደነገጠች። ውሃው ለአንድ ቀን ፈተና ነው። ፈሳሽ አሞኒያ ግን ሲሞቅ ያብጣል፤ ከበላዩ ባዶ ቦታ ካጣ ብረቱን ይገፋል።

«ጋሼ፣ የሚሞላው እስከ ሰማንያ አምስት በመቶ ድረስ ነው» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች።

«ምን? ገና ሥራ ስጀምር በጎደሎ ልታስጀምሪኝ? በምረቃ ቀን ለእንግዳ ጎደሎ ዕቃ ይታያል እንዴ? ተይ እንጂ ኢንጂነር!»

የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ተሸማቀቀች።

ከታንኩ ጎን ረጅም የልክ ሰሌዳ አለ፤ ፈሳሹ ከፍ ዝቅ ሲል ቀይ ጠቋሚ አብሮት ይወጣል፣ ይወርዳል። ሰሌዳው ላይ ልኩን የምትጽፈው ራስዋ ነበረች። ብሩሽ አነሣችና፣ ሰማንያ አምስት መባል በነበረበት መስመር ላይ፣ በአረንጓዴ ቀለም «ሙሉ» ብላ ጻፈች። ከዚያ በላይ ያለውን የሰሌዳውን ክፍል በቆርቆሮ ሸፈነችው።

በምረቃው ቀን ጠቋሚው «ሙሉ» ላይ ሲደርስ እልልታው ቀለጠ። ባለጸጋውም ደስ አለው፣ ታንኩም ደኅና ሆነ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ። «ሙሉ ነው!» በተባለ ቁጥር ግን ሴትየዋ ዓይኗን ከሰሌዳው ታሸሻለች። ስንት ጊዜ ልትናገር አፏን ከፍታ፣ ስለ አየር ሁኔታ አውርታ ተመለሰች!

ታንኩን የሚሞላው ሶርሳ የሚባል ኦፕሬተር ነበር። ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ ጠቋሚው «ሙሉ» ሲል ይዘጋል፣ አንድም ቀን አልተሳሳተም። ዝናው ተሰማና አንድ ሌላ የቆላ ከተማ ያለ ትልቅ ፋብሪካ የአሞኒያ ክፍሉ ኃላፊ ሊያደርገው ጠራው። የሽኝቱ ቀን ጥላው ሥር ዓሣ ተጠበሰ፣ መጠጡ በራሳቸው በረዶ ቀዘቀዘ፣ ከበሮ ተመታ።

«እዚያ የሚጠብሱት ዓሣ አጥንት ብቻ ነው አሉ፤ ከስተህ ትመለሳለህ!» ይሉታል ጓደኞቹ።

«ዓሣውን ተዉት፣ ሰዎቹን ብታዩ!» አለ ሶርሳ። «ሄጄ ጎብኝቻቸው የለ? ወይ ስንፍና! ታንካቸው ላይ «ሙሉ» የሚል ነገር እንኳ የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ሰማንያ አምስት ሲደርስ ዘግተው ሻይ ይጠጣሉ። ቆይ፣ እኔ ልሂድ እንጂ መቶ አስገባላቸዋለሁ!»

«አንበሳ!» አለ ባለጸጋው። «እኔ ያሳደግሁህ መሆንህን አሳያቸው!»

ሁሉም አጨበጨበ። ሴትየዋ የያዘችውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰች። ሶርሳ በማግስቱ ጠዋት መኪና ይሳፈራል። ደብዳቤ ልጻፍለት ብላ አሰበች። ደብዳቤ ኪስ ውስጥ ይረሳል። ለብቻው ልጥራው አለች፤ ግን ጋሼ «አሳያቸው» ካለው በኋላ የሷን ሹክሹክታ ማን ይሰማል? የዚያች ከተማ ታንክ እስከ አፉ ተሞልቶ ፀሐይ ሲያገኘው ታያት። ብረቱ ባይፈነዳ እንኳ ቫልቩ ተከፍቶ አሞኒያውን ሰው ላይ ይለቀዋል።

ተነሣች። ድግስ ላይ ተነሥታ አታውቅምና ልትመርቅ መስሏቸው ዝም አሉ።

«ያ ታንክ» አለች፣ በእጅዋ እያሳየች፣ «አንድም ቀን ሞልቶ አያውቅም።»

ከበሮው ቆመ። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ብሩሹን፣ ቀለሙን፣ ቆርቆሮውን። ባለጸጋው ወደ ታንኩ ሄደ። ቆርቆሮውን በገዛ እጁ ገንጥሎ ጣለና ባዶውን ሰሌዳ ተመለከተ።

«አሥራ አንድ ዓመት፣ በጎደሎ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ልጆቼን የዳርኩት በዚህ ጎደሎ ነው?»

«አዎ።»

«እና ያ ባዶ ቦታ ምን ይሠራል?»

ቁጥሩ ሁሉ ጠፋባት። የመጣላትን ተናገረች፤ «ባዶ አይደለም። ቀን ቀን ፀሐይ ትመጣለች። ስትመጣ አሞኒያው ያብጥና ወደ ላይ ከፍ ይላል። ቦታው ለሷ የተተወ ነው። ከሌላት ግድግዳ ሰብራ ትገባለች።»

ባለጸጋው አሰብ አደረገና ሳቁ ፈነዳ። «እንግዳ ናት በይኛ! የፀሐይ ድርሻ! አንቺ ሴት፣ እኔ ለሚመጣ እንግዳ ድርሻ ሳላስቀር በልቼ አውቃለሁ? ምነው ያኔ እንዲህ ብትይኝ?»

«ሰማንያ አምስት በመቶ ብዬዎት ነበር።»

«እሱማ ቁጥር ነው! ቁጥር ለማን ይገባል!» አለና ወደ ሶርሳ ዞረ። «አንተ! የፀሐይን ድርሻ ነካህ ሲሉ ብሰማ፣ እዚያው ድረስ መጥቼ ጆሮህን ነው የምቆነጥጠው!»

ሶርሳ ግንባሩን እየጠረገ ቁጭ ብሎ ነበር። «እትዬ፣ እኔ እኮ ሰው ልጨርስ ነበር» አለ። ተነሥቶ እጅዋን ሳማት። ያኔውኑ ብሩሽ መጣላትና አረንጓዴውን «ሙሉ» ሰርዛ «85፤ ከዚህ በላይ የፀሐይ ድርሻ ነው» ብላ ጻፈች። ከበሮው እንደገና ተመታ። እሷም ጨፈረች። አዎ፣ ጨፈረች፤ አትሳቂብኝ።

እንግዲህ ልጄ፣ አባትሽ ያ ባለጸጋ ነው፤ ጨው የቀነስሽበት ወጥም ያ ታንክ ነው። የቀነስሽው በፍቅር ነው፣ ሕይወቱንም ጠብቀሻል። ነገር ግን አንቺ ስትወጪ ማንኪያውን ሌላ ሰው ይይዘዋል። አባትሽም «ድሮ የበላሁት ምንም አላደረገኝም» ብሎ ጨው ያስጨምራል። ምክንያቱ ያልተነገረ ደግነት ከማድቤቱ በር አያልፍም፤ ሰው ግን በየበሩ ሲወጣ ሲገባ ይኖራል። ንገሪው። የሐኪም ቁጥር እየደረደርሽ ሳይሆን፣ እሱ በሚገባው ቃል ንገሪው። ይቆጣ ይሆናል፤ ግድ የለም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ቁጣ ነው ብዬ የፈራሁት ነገር ሳቅ ሆኖ ነው የጠበቀኝ። ይኸው አወጣሁት! ከዚያ ግቢ ውጭ ለሰው ስናገር አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። በይ ተነሺ፤ የአባትሽ ምሳ ሳይቀርብ ድረሺ።