በአንድ ቁጥቋጦ ያደሩ ወፎች

«አንድ ማሽላ ዘሪ ነበረ» አሉ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል። ጠያቂያቸው የአጥቢያው ዳኛ ነው። የአንድ መንደር ጎረምሶች ገበያ ላይ ስለተደባደቡ ዳኛው መሪጌታን፣ «ጥፋተኛውን መለየት አስቸገረኝ፤ መንደሩን በሙሉ ለዓመት ከገበያ ብከለክልስ? ቅጣቱ ለሁሉም እኩል ነው» ብሏቸው ነበር።

ማሽላ ዘሪው እህሉ ፍሬ ሲይዝ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃል። ከእርሻው ዳር ባለው የእሾህ ቁጥቋጦ ሁለት ዓይነት ወፎች ያድሩ ነበር። ሁለቱም ትንንሽ፣ ሁለቱም ቡናማ፣ ሁለቱም ማሽላው ራስ ላይ የሚያርፉ። አንደኛው ግሪሳ ነው፤ እንደ ደመና መጥቶ እርሻ አራግፎ ይሄዳል። ሌላው ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ከዚያ ሸለቆ በቀር የትም አይታይም፤ ጠዋት ጠዋት ያዜማል። በዘርም አይገናኙም። የግሪሳ ምንቃር እህል የሚሰብር፣ ወፍራም ነው፤ የዚህኛው ቀጭን፣ ከማሽላው ውስጥ ትል የሚለቅም።

ባለፈው ዓመት ግሪሳ እርሻውን ጨርሶበት የገበሬው ልጆች ሲራቡ ከርመዋል። ዘንድሮ ሰግቶ ቁጥቋጦውን ሊያቃጥል ደቦ ጠራ።

«የሚያዜመውስ?» አለች ሚስቱ። «እህል ሲበላ አይተኸዋል?»

«ለወፍም እማኝ ቁጠር በይኛ። ማሽላ ላይ ካረፈ ሌባ ነው።»

«እንዲያማ ከሆነ አንተም ከማሽላው ወርደህ አታውቅም።»

ደቦው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ነገር ግን የልጆቹ ረሃብ ትዝ አለውና፣ ወፎቹ ሊያድሩ ሲገቡ እሳቱን ለቀቀው።

የዚያን ዓመት እህሉን በደህና አስገባ። በዓመቱ ግሪሳው ከሌላ አገር እንደ ልማዱ መጣ። የሚያዜመው ግን አልተመለሰም፤ የሚመጣበት ሌላ አገር አልነበረውም። ገበሬው ማማው ላይ ሆኖ ማለዳ ማለዳ ጆሮውን ቢያቀና የሚሰማው የግሪሳ ጫጫታ ብቻ ሆነ። ከግሪሳ የተረፈውን ማሽላ ደግሞ ትል ገባበት።

መሪጌታ ወደ ዳኛው ዞሩ።

«ልጄ፣ እሳቱም ለሁለቱ እኩል ነበር። የዚያ መንደር ሰው አብዛኛው አራሽ ነው፤ ገበያ ብትከለክለው ከጎተራው እየበላ ዓመቱን ይገፋል። በመንደሩ ያሉት ሸክላ ሠሪዎች ግን ሦስት ቤት ናቸው። ድስታቸው ካልተሸጠ አይበሉም፤ በጠቡ ውስጥም ሰው አልነበራቸውም። አገር ለቀው ከሄዱ በኋላ ‹ንጹሓን ነበሩ› ብለህ ብትፈርድ፣ ፍርዱን ለማን ታነባለህ?»