ሐረጎን በሦስተኛ ማርሽ

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላምም በረትም የለም። ያለው ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ጋራዥ ነው። ጋራዡ ውስጥ ደግሞ አንዲት ቀይ መኪና አለች፤ ከማነሷ የተነሣ አገር ሁሉ «ሽምብራ» ይላታል።

ሉባባ እዚያ ጋራዥ ጎማ ትለጥፋለች። ባለቤቱ አጎቷ ጋሼ ይማም ነው። «ሴት ልጅ ጎማ ትለጥፍ፣ ሞተር የወንድ ነው» ብሎ በሩ አጠገብ ያለችው ጥግ ላይ አስቀምጧታል። ማን እንዲህ እንዳለ ብትጠይቁት አያውቅም። እሷ ግን እጇ ጎማ ላይ ይሁን እንጂ ዓይኗ ከሞተሩ ጠረጴዛ ተነቅሎ አያውቅም። አራት ዓመት ሙሉ! በመጨረሻ ማንም ዞር ብሎ የማያያትን ሽምብራን ይዛ ተነሣች።

ሽምብራ ትንሽ ብትሆንም ቱርቦ አላት። ቱርቦ ለሞተር አየር የሚነፋ ወናፍ ማለት ነው፤ አንጥረኛ ቤት የገባ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሉባባ ይህን ወናፍ ልታበረታው አሰበች። መጀመሪያ አየር በደንብ የሚያስገባ ፊልትሮ ገጠመች፤ ነድታ ሞከረች፤ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ቀጥላ የሞተሩን ጭስ ቶሎ የሚያስወጣ ሰፋ ያለ ማርሚታ ገጠመች፤ ሞከረች፤ ጻፈች። አንዱን ሳትሞክር ሌላውን አትገጥምም። ሽምብራም በየሙከራው ትንሽ ትንሽ ሻል እያላት መጣች። የቀረው ሦስተኛው ዕቃ ብቻ ነበር፦ ቱርቦው የነፋውን ትኩስ አየር አብርዶ ለሞተሩ የሚያደርስ ማቀዝቀዣ፣ ከነወፍራም ቱቦው።

የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ሐረጎን፣ ያን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ጠመዝማዛ ዳገት፣ በሦስተኛ ማርሽ መውጣት። በቃ፣ ሌላ የለም። ሽምብራ እስከዚያ ቀን ድረስ ሐረጎን ከሁለተኛ ማርሽ በላይ ወጥታው አታውቅም።

«ከወጣች የሞተሩ ጠረጴዛ ያንቺ ነው፣ ወላሂ!» አለ ጋሼ ይማም፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ። «ካልወጣች ግን ጎማሽን ትለጥፊያለሽ፤ ስለ ሞተር ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ። ሦስት ጊዜ ሞክሪ። አራተኛ የለም።»

«ይሁን!» አለች ሉባባ።

ጠዋት ማቀዝቀዣውን ገጥማ ልትጨርስ ስትል ጋሼ ይማም «ይበቃል፣ ይበቃል፣ ትሰብሪዋለሽ!» እያለ አጣደፋት። ከዚያ ማርሹን በዓይኔ አያለሁ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ። አንደኛውን ሞከሩ፤ ሽምብራ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ አቃሰተች፣ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ወረደች። ሁለተኛውን ሞከሩ፤ የባሰ ሆነ። አሮጌ ዕቃዋን ይዛ ከወጣችው እንኳ አነሰች። ተመልሰው ዳገቱ ግርጌ ቆሙ።

«አንድ ቀረሽ፤» አለ ጋሼ ይማም እየሳቀ። «እሱንም ተይውና በክብርሽ ወደ ጥግሽ ተመለሺ።»

ሉባባ ደሟ ፈላ። «እኔ ጋ መመለስ የለም። ወይ ፍንክች!» አለችና ኮፈኑን ከፈተች።

«ሽምብራ፣ ለምንድን ነው አልወጣም ያልሽው?»

«ሞተር ካልገፋኝ በምን እግሬ ልውጣ?» አለች ሽምብራ።

ሉባባ ወደ ሞተሩ ዞረች። «ሞተር ሞተር፣ ሽምብራን ግፋ! ሽምብራ አልወጣም አለች፤ እኔም ወይ ፍንክች!»

«አልገፋም፤» አለ ሞተር እያጉረመረመ። «ቱርቦ ካልነፋልኝ በባዶ ሆዴ ማንን እገፋለሁ?»

«ቱርቦ ቱርቦ፣ ለሞተር ንፋ! ሞተር አልገፋም አለ፤ ሽምብራ አልወጣም አለች፤ እኔም ወይ ፍንክች!»

«አልነፋም፤» አለ ቱርቦ። እሱ እንኳ ኩራት ያለበት ነው። «እኔ ስነፋ እውላለሁ፤ ማቀዝቀዣ አያደርስልኝም። ለማን ብዬ ልልፋ?»

«ማቀዝቀዣ ማቀዝቀዣ፣ አየር አድርስ! ቱርቦ አልነፋም አለ፤ ሞተር አልገፋም አለ፤ ሽምብራ አልወጣም አለች፤ እኔም ወይ ፍንክች!»

ማቀዝቀዣ ትናንት የመጣ እንግዳ ስለሆነ ድምፁ ቀስ ያለ ነው። «አላደርስም፤» አለ። «በእኔ አትፍረጂ። ቱቦ አየሩን ካልያዘው ምኑን ላድርስ?»

«ቱቦ ቱቦ፣ አየር ያዝ! ማቀዝቀዣ አላደርስም አለ፤ ቱርቦ አልነፋም አለ፤ ሞተር አልገፋም አለ፤ ሽምብራ አልወጣም አለች፤ እኔም ወይ ፍንክች!»

«አልይዝም!» አለ ቱቦ። «ነይ ስሚኝ፤ በአንገቴ ፍስስስ ይላል። ፋሼታ ካላጠበቀኝ እንዴት አድርጌ ልያዝ?»

ፋሼታ የምትሉት የቱቦ አንገት ላይ የሚታሰር ቀጭን የብረት ቀለበት ነው፤ አንዲት ብሎን አለችው፣ እሷ ስትዞር ይጠብቃል። ከመኪናው ሁሉ ትንሹ ዕቃ እሱ ነው። ትንሽ ዕቃ ደግሞ ትንሽ ሰው ማለት ነው፤ ካልጠየቁት አይናገርም፣ ካልያዙት አይያዝም።

«ፋሼታ ፋሼታ፣ ቱቦን አጥብቅ! ቱቦ አልይዝም አለ፤ ማቀዝቀዣ አላደርስም አለ፤ ቱርቦ አልነፋም አለ፤ ሞተር አልገፋም አለ፤ ሽምብራ አልወጣም አለች፤ እኔም ወይ ፍንክች!»

«አላጠብቅም፤» አለ ፋሼታ። «ካቻቢቴ ካላዞረኝ በራሴ ልዙር?»

ካቻቢቴውስ የት ነው? ጋሼ ይማም ደረት ኪስ ውስጥ! ጠዋት «ይበቃል» ሲል ነጥቋት እዚያው ሰክቶታል፤ ቀይ እጀታው ብቅ ብሎ ይታያል።

«ካቻቢቴ ካቻቢቴ፣ ፋሼታን አዙር! ፋሼታ አላጠብቅም አለ፤ ቱቦ አልይዝም አለ፤ ማቀዝቀዣ አላደርስም አለ፤ ቱርቦ አልነፋም አለ፤ ሞተር አልገፋም አለ፤ ሽምብራ አልወጣም አለች፤ እኔም ወይ ፍንክች!»

«አላዞርም፤» አለ ካቻቢቴ ከኪሱ ሳይወጣ። «እጅ ካልያዘኝ እኔ ብረት ነኝ።»

ሉባባ የገዛ ቀኝ እጇን አየች። «እጄ እጄ፣ ካቻቢቴ ያዝ! ካቻቢቴ አላዞርም አለ፤ ፋሼታ አላጠብቅም አለ፤ ቱቦ አልይዝም አለ፤ ማቀዝቀዣ አላደርስም አለ፤ ቱርቦ አልነፋም አለ፤ ሞተር አልገፋም አለ፤ ሽምብራ አልወጣም አለች፤ እኔም ወይ ፍንክች!»

«አልይዝም፤» አለ እጇ።

የገዛ እጇ! ከሁሉ ይኼ አናደዳት። ሞተር እንቢ ይበል፣ ብረት ነው። ቱቦ እንቢ ይበል፣ ጎማ ነው። አብራው ያደገችው እጅ እንቢ ሲላት ግን እንባዋ መጣ፤ መልሳ ዋጠችው።

«አትቆጪኝ፤» አለ እጇ። «ጠዋት ፋሼታውን አጥብቄ ልጨርስ ሁለት ዙር ሲቀረኝ ያ አፍ ‹ትሰብሪዋለሽ!› ብሎ ጮኸብኝ። አራት ዓመት እንዲህ ይጮህብኛል። እሱ ሲከፈት እኔ እንቀጠቀጣለሁ።»

ሉባባ ወደ ጋሼ ይማም ዞረች። አጎት ይከበራል፤ አንቱ ይባላል። አፉ ግን ሌላ ነገር ነው አለችና ቀጥ ብላ አፉን አናገረችው።

«አፍ አፍ፣ እጄን ተው! እጅ አልይዝም አለ፤ ካቻቢቴ አላዞርም አለ፤ ፋሼታ አላጠብቅም አለ፤ ቱቦ አልይዝም አለ፤ ማቀዝቀዣ አላደርስም አለ፤ ቱርቦ አልነፋም አለ፤ ሞተር አልገፋም አለ፤ ሽምብራ አልወጣም አለች፤ እኔም ወይ ፍንክች!»

ጋሼ ይማም በሳቅ ፈረሰ። «ይህ አፍ ከተከፈተ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው! ላንቺ ብሎ አይዘጋም! አትንኪ ብያለሁ፣ አትንኪ! ሴት ያጠበቀችው ብሎን...» እያለ ቀጠለ። ምን ምን እንዳለ አልነግራችሁም፤ ደግሜ ብናገረው እኔም ከእሱ አልሻልም።

እዚያው ዳገቱ ግርጌ፣ ድንጋይ ላይ፣ አንዲት አሮጊት የዳቦ ቅርጫታቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። እትዬ አስረበብ ይባላሉ። በየቀኑ ሐረጎን በእግራቸው ይወጡና አናቱ ላይ ለሚያርፉ የጭነት መኪና ሾፌሮች ዳቦ ይሸጣሉ። ጋሼ ይማምን በጨቅላነቱ አዝለው ያሳደጉት ጎረቤት እሳቸው ናቸው። ነገሩን ከመጀመሪያው እየሰሙ ነበር።

ሉባባ ሄዳ ፊታቸው በርከክ አለች። «እትዬ እትዬ፣ ይህን አፍ ያዙልኝ! አፍ አልዘጋም አለ፤ እጅ አልይዝም አለ፤ ካቻቢቴ አላዞርም አለ፤ ፋሼታ አላጠብቅም አለ፤ ቱቦ አልይዝም አለ፤ ማቀዝቀዣ አላደርስም አለ፤ ቱርቦ አልነፋም አለ፤ ሞተር አልገፋም አለ፤ ሽምብራ አልወጣም አለች፤ እኔም ወይ ፍንክች!»

ትንፋሿ አለቀ። የእኔም አልቋል።

«እሺ፤» አሉ እትዬ አስረበብ።

እሺ! ከጠዋት ጀምሮ ሉባባ ይህን ቃል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

«እሺ፣ ግን አንድ ነገር አለኝ። ጉልበቴ ደክሟል። ከነቅርጫቴ አናቱ ድረስ ታወጪኛለሽ።»

ሉባባ ቅርጫቱን አየች፤ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ነው። ጋሼ ይማምን አየች፤ እሱም ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ነው። የቀረው ሙከራ አንድ። ሁለት ሰው ጭና እንቢ ያለች መኪና ሦስት ሰውና አንድ ቅርጫት ጭና ልትወጣ? ሌላ ሰው ቢሆን ይሸሻል። ሉባባ ግን፣ «ሦስትም ብንሆን ያው ሽምብራ ናት፤ ይሁን!» አለች።

እትዬ አስረበብ ከዳቦው ትልቁን ቆረሱ። «ይማም ልጄ፣ ና እስኪ ላጉርስህ።»

«ኧረ ጠግቤያለሁ እትዬ...»

«በሞቴ! አፈር ስሆን!»

ያዘለችህ እናት በሞቴ እያለች እጇን ዘርግታ እንቢ የሚል ወንድ እስቲ አሳዩኝ። ጋሼ ይማም ጎንበስ አለ፤ አፉን ከፈተ፤ ዳቦው ገባ። ጎንበስ ሲል ደግሞ ካቻቢቴው ከኪሱ ሾለከ፤ ሉባባም አየር ላይ ቀለበችው!

ወደ ተከፈተው ኮፈን ሮጣ ፋሼታውን አንድ ዙር አዞረች። ጋሼ ይማም ዋጠና «አንቺ...» ሊል ሲጀምር፣ እትዬ አስረበብ «አንድ ያጣላል!» ብለው ሁለተኛውን አጎረሱት። ሁለተኛውን ዙር አዞረች። ፋሼታው ልክክ አለ። «ሦስተኛው ደግሞ፤» አሉ እትዬ አስረበብ፣ «ለሦስተኛው ማርሽ!» ይህኛው ከሁለቱም ይበልጥ ነበር።

ያኔ አፍ ዝም አለ፤ አፍ ዝም ሲል እጅ ጠና፤ እጅ ሲጠና ካቻቢቴ ዞረ፤ ካቻቢቴ ሲዞር ፋሼታ ጠበቀ፤ ፋሼታ ሲጠብቅ ቱቦ ያዘ፤ ቱቦ ሲይዝ ማቀዝቀዣ አደረሰ፤ ማቀዝቀዣ ሲያደርስ ቱርቦ ነፋ፤ ቱርቦ ሲነፋ ሞተር ገፋ፤ ሞተር ሲገፋ ሽምብራ ሦስት ሰውና አንድ ቅርጫት ጭና ዳገቱን ተያያዘችው!

በመጀመሪያው መጠምዘዣ ቱርቦው ማፏጨት ጀመረ። በሁለተኛው አንድ የጭነት መኪና አለፉ፤ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ አፈጠጠ። ከሁሉ የከፋው መጠምዘዣ ላይ ግን ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ጋሼ ይማም አፉ እንደሞላ «እምም! እምም!» እያለ ጣቱን ወደ ማርሹ ዘረጋ፤ ወደ ሁለተኛ አውርጂ ማለቱ ነው። ሉባባ ግራ እጇን መሪው ላይ፣ ቀኝ እጇን ማርሹ ላይ ጭና የነዳጁን መርገጫ በእግሯ ወደ ታች ደፈቀችው። እጇ አልተንቀጠቀጠም።

«ወይ ፍንክች!» አለች።

ሽምብራ አንድ ጊዜ ራሷን ነቀነቀችና ተስፈነጠረች። ከኋላ እትዬ አስረበብ እልል አሉ። ጭጋጉ ውስጥ ገብተው ጭጋጉን በስተው ሲወጡ ዳገቱ አልቋል፤ ሐረጎ ከእግራቸው በታች ነው።

ሉባባ ፍሬን ያዘች። ማርሹን ግን አልነካችውም፤ እዚያው እንዳለ ተወችው። ጋሼ ይማም ማርሹን አየ። የእህቱን ልጅ አየ። ዳቦውን ቀስ ብሎ ዋጠ። አሁን አፉ ባዶ ነው፤ የሚያስቆመውም የለም። እሱ ግን ማርሹን በጣቱ ነካ አድርጎ አረጋገጠ።

«ሦስተኛ ነው፤» አለ በመጨረሻ።

ከሰዓት በኋላ ያ አፍ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ነበር። ላለፈ ላገደመው ሁሉ «በሦስተኛ! ሦስት ሰው ጭና! ከነቅርጫቱ! የማን ልጅ መሰለቻችሁ?» ይላል፤ እስኪመሽ አልተዘጋም። መሐል ላይ ኪሱን ቢዳብስ ካቻቢቴው የለም። ወደ ሞተሩ ጠረጴዛ ዞር ብሎ አየና ሳይጠይቅ ተወው። ሉባባ ግን ምን እንደሚል አልሰማችም፤ ራሷን አንድ የተፈታ ሞተር ውስጥ ከትታ ነበር።

ተረቴም ዳገቷን ወጣች። የእኔንም አፍ ዳቦ ይዝጋልኝ፤ አንድ ያጣላልና ሁለት ይሁን።