ነፍሰ ጡሯና የሬሳው ቃሬዛ

፦ ተረት ተረት።
፦ የእናት መሠረት።

እንዲህ ነው እንጂ። በሉ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ ከገደል አፋፍ ባለች መንደር የሻረግ የምትባል ሴት ነበረች። ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ወርደውባታል። ስለዚህ ሆዷ ገፋ ሲል እንኳ ደስታዋን ለሰው አታወራም ነበር። ከጎኗ ያለው ጎጆ የባሏ እህት የማንጠግቦሽ ነው። ሁለቱ በዶሮ ተጣልተው ከተኮራረፉ ሰንብተዋል።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ሞቱና መንደርተኛው ሁሉ ቀብር ወጣ። የየሻረግ ባል ተገኘም አብሮ ሄደ። እሷ ነፍሰ ጡር ናትና ቤት ቀረች። ማንጠግቦሽም ጥጃዋ ታሞባት ቀረች።

ፀሐይዋ ከአናት ሳትወርድ፣ የሻረግ ገብስ ልትወቅጥ ሙቀጫው ላይ ጎንበስ ስትል ሆዷን ድንገት ወጋት። ቁጭ አለችና ያልፍ እንደሆነ ጠበቀች። አላለፈም። ሆዷ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። እጇን ብታሳርፍበት ልጁ አይንቀሳቀስም። ከዚያም ደም አየች። ብትጮህ የምትሰማት ያቺ የተኮራረፈቻት ብቻ ናት። ኩርፊያው አፏን ያዘው፤ ፍርሃቱ ግን በለጠ።

፦ ማንጠግቦሽ፣ ልጄ ሊሄድብኝ ነው፣ ብላ ጮኸች።

ማንጠግቦሽ ጥጃዋን ትታ መጣች። በጎኗ አስተኛቻትና ነጠላ ደረበችላት። ሆዷን ግን አልነካችም፤ የገዛ እናቷ የሞቱት እንዲህ አሟቸው ሆዳቸው ሲታሽ ነበርና። ከዚያም ወደ ቀብሩ ሮጠች። ሬሳው አፈር ገብቶ ሰዉ ገና ያለቅስ ነበር። ከለቅሶው መሀል ገብታ ቆመች። ሁሉም አፈጠጠባት።

፦ የሞቱትን ሸኝታችኋል፤ አሁን ለየሻረግ ድረሱላት፣ አለች።

ወንዶቹ ባዶውን ቃሬዛ አንሥተው ሮጡ። የሻረግ ቃሬዛውን ስታይ ግድግዳውን ሙጥኝ አለች።

፦ ሬሳ የተኛበት ላይ አልወጣም። ልጄን ይወስድብኛል።

ተገኘ ለመናት፤ አልሰማችውም። ደሙም አላቆመም። ያኔ ማንጠግቦሽ ቃሬዛው ላይ ራሷ ተጋደመች። እሷም ፈርታ ነበር፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል።

፦ የሚወስድ ከሆነ መጀመሪያ እኔን ይውሰድ፣ አለች። ተነሣችና፦ በይ አሁን ነይ፣ አለቻት።

የሻረግ ቃሬዛው ላይ ወጣች። አዋላጇ እማማ ትሁን ያሉት ከወንዙ ማዶ ነው። ወንዶቹ ተሸክመዋት ገደሉን ሲወርዱ፣ የሻረግ እጇን ከሆዷ ሳታነሣ፣ ልጁ አሁን ይንቀሳቀሳል፣ አሁን ይንቀሳቀሳል ትላለች። አልተንቀሳቀሰም። ወንዙ ወገባቸው ድረስ መጣ፤ ቃሬዛውን በራሳቸው ላይ ከፍ አድርገው ተሻገሩ።

እማማ ትሁን ጆሯቸውን ሆዷ ላይ ደፉ። በሌላ በኩል ደግመው ደፉ።

፦ አለ። ደክሟል እንጂ አለ፣ አሉ።

እዚያው አስተኟት፤ ከመኝታ እንዳትነሣም ከለከሏት። ደሙ ቀስ እያለ ቆመ፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም። ማንጠግቦሽም ከአጠገቧ አልተለየች። ጥጃዋ መሞቱን ሲነግሯት እንኳ ወደ ቤቷ አልተመለሰችም።

ክረምቱ ሲወጣ ምጥ መጣ። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ትንሽ ናት፣ አላለቀሰችም። እማማ ትሁን ጀርባዋን አሹላት። ከዚያም ልጅቷ እንደ ድመት ግልገል ቀጭን ድምፅ አሰማች። ማንጠግቦሽ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ እንባ አነቃትና ድምፅ አልወጣ አላት።

ምጡን ሰምተው መጥተው ደጅ የቆሙት ወንዶች ግን እልልታ ሲያጡ፣ አለቀ ብለው ጋቢያቸውን ለለቅሶ አደገደጉ። ተገኘ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ያኔ ልጅቷ ደግማ አለቀሰች፤ አሁን ከደጅ ድረስ ተሰማች።

ተረቴን ወሰዳችሁ ልጆቼ። እንግዲህ አፌን ባዶውን አትተዉት፤ ከዚያች ቆሎ ዘገን አድርጉልኝ።