ግራዝማች መስክ ላይ ያደረው ትራክተር

ቆይ ሳቄን ልጨርስ፤ ዋናው ገና ከኋላ ነው የሚመጣው። መንገድ ሠሪዎች ግራዝማች ደነቀ መስክ ላይ ጥለውት የሄዱትን ባለ ሰንሰለት ትራክተር አንዲት ባሏ የሞተባት ምላሰኛ ሴት ገዛችው። ጎማ ያለው መኪና በማይደፍረው በዋልካው ጭቃ እህል እያመላለሰች ልጆቿን ልታሳድግበት ነው። የሟች ባሏን መፍቻ ይዛ ዝገቱን በናፍጣ አጠበች፣ የተበጠሰውን ሰንሰለት ቀጠለች፣ ከጭስ ማውጫው የአይጥ ጎጆ ጎልጉላ አወጣች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተሩ ሲያጓራ የአገሩ ውሻ ሁሉ እግሬ አውጪኝ አለ።

ዝጎ ሳለ ዞር ብለው ያላዩት ግራዝማች ይኼኔ ጃንጥላ አስይዘው፣ ባለቤታቸውንና ሽማግሌዎቹን አስከትለው ከች አሉ።

«መስኬ ላይ ያደረ ከብት የእኔ ነው፤ ደንባችን ነው» አሉ።

«ይኼ እኮ ብረት ነው፣ ግራዝማች።»

«ይጠጣል፣ ያጓራል፣ ይጎትታል፤ የጎደለው ቀንድ ብቻ ነው። ደግሞስ ከብትም ይሁን ብረት፣ መስኬ ላይ ያደረ ሁሉ የእኔ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ማንን ፈርተው እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ፣ «ልክ ነው» አሉ። ሴትየዋ የልጆቿ ጉርሻ ካፋቸው ሲነጠቅ ታያት። ግራዝማችን ተወት አድርጋ ለባለቤታቸው እጅ ነሳችና እንዲህ አለች፦

«እሜቴ፣ ደንብ ደንብ ነው፤ ትራክተሩን ይውሰዱት። እኔም አሥራ ሁለቱን ሌሊት እዚሁ ከሥሩ ነው ያደርኩት፤ እንግዲህ የግራዝማች ሆኛለሁና መኝታዬ በየት በኩል እንደሚነጠፍ ያሳዩኝ።»